ማንም ያልሞተበት ጥሩምባ

ጥሩምባው የተነፋው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን በደንብ የማውቀው እንዲነፋ የወሰንነው እኛው ስለሆንን ነው። ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ጥሩምባ ነፊያችን ቱሉ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ሆኖ ሦስት ጊዜ አስረዝሞ ሲነፋ ሰማሁት። ማንም እንዳልሞተ እያወቅኩ ደነገጥኩ። ሮቤ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ነፋስ ውስጥ ያ ድምፅ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው የቤቱን ሰው ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አልቀጠልኩም። ገበያው መግቢያ ላይ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። የማውቀውን ነገር አብዛኛውን ያወቅኩት ሰዎች ኮፒ ሊያስደርጉ ከሚያመጧቸው መጻሕፍትና ወረቀቶች ነው፤ ማሽኑ እስኪሞቅ አነባለሁ። ብዙ አልናገርም፣ እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተናገረውን ሰው ስም፣ የተናገረውን ቃል እንዳለ። በዚህ ጠባዬ የተነሳ የእድራችን የሮቤ ቅርንጫፍ ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ።

እድሩን የመሠረቱት አባቶቻችን ናቸው። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከከምባታ አገር ለንግድ መጥተው ጎባ የሰፈሩ ጊዜ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የአገሩም ሰው አብሮ ያቆመው ነው። ቆይቶ መሥሪያ ቤቱም ገበያውም ወደ ሮቤ ሲያደላ ብዙዎቻችን ሮቤ ገባን። እድሩ ግን ጎባ ቀረ። ድንኳኑ ጎባ፣ አግዳሚ ወንበሩ ጎባ፣ ትልልቁ ድስት ጎባ፣ ማኅተሙም ጎባ። የእድሩ ዳኛ አባባ ወልዴም ጎባ ናቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ዳኛ ነበሩ፤ ያኔም ዳኛ ነበሩ። የሮቤ ሰዎች ራሳችንን እንቻል፣ የለም አንለይ የሚለውን ክርክር ከጀመሩ ወራት አልፈው ነበር። ሁሉም ግን በር ተዘግቶ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት በፊት አባባ ወልዴ በሚኒባስ ሹፌር አፍ መልእክት ላኩ። «ለመለየት ስታስቡ ድንኳኑንም አስቡበት በሏቸው» ነው ያሉት። ቃሉ ይኸው ብቻ ነው። የሮቤ ቅርንጫፍ ሰብሳቢ ጋሽ ሸምሱ ይህን ሲነግሩን ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጎባ በምን ሰማ? ከመካከላችን አንድ ሰው ወሬ ያመላልሳል ማለት ነው።

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ እንዳረፈ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር። እናቴ ደረቷን ታማ ጎባ ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች በኋላ እዚያው ጎባ እህቷ ዘንድ ነበረች። በየሁለት ቀኑ ሄጄ አያታለሁ። የተባለውን ሁሉ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። ደብተሩ እኔ ቤት ነው የሚያድረው። ከዚያን ቀን በኋላ ጫማ ሻጩ ጎረቤቴ እንኳ «ዛሬም ጎባ ነህ?» ሲለኝ ድምፁ ሌላ ነበር።

የፈራሁት አንድ ነገር ነው። በእድራችን ደንብ የእድሩን ምሥጢር አሳልፎ የሰጠ ሰው ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤት ሞት ቢገባ ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ሬሳ የሚያነሳ አይመጣም። እናቴ የተመዘገበችው በእኔ ስም ነው። የእናቴን ደረት ደግሞ በየሁለት ቀኑ እሰማዋለሁ። ስትተነፍስ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማል።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ መጠርጠር ጀመርኩ። ከደብተሩ ጀርባ የአምስት ሰው ስም ጻፍኩ። ማን በየትኛው ስብሰባ ዘግይቶ ገባ፣ ማን ስልክ ይዞ ወጣ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዘኝም።

ለቅዳሜው ስብሰባ ሰው በስልክ እንዳይጠራ ያሉት መምህር ታምሩ ናቸው። ታሪክ ያስተምራሉ፤ የመለየቱ ነገር ዋና አቀንቃኝ እሳቸው ነበሩ። «ስልክ የተደወለ እንደሆነ ሰዓቱን ጎባ ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ቱሉ ይንፋና በየቤቱ እየዞረ ስብሰባ መሆኑን በአፉ ይንገር» አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን አከኩ። «ለስብሰባ ጥሩምባ ተነፍቶ ያውቃል እንዴ? ወላሂ ደስ አይለኝም።»

«አንድ ቀን ነው፣ ጋሼ።»

ስልኮች በር ላይ ይሰብሰቡ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ላይ ልለጥፈው አልችልም። ንጹሕ መሆኔን የማሳይበት መንገድ መስሎኝ ነበር።

የእድሩ ቤት በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ሰፊ ክፍልና ከኋላው አንዲት እቃ ቤት ናት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ ሰማያዊ ሳፋ ይዤ ቆምኩ። እያንዳንዱ ሰው ድምፁን እያጠፋ ስልኩን ጣለ። አንዳንዱ እየቀለደ፣ አንዳንዱ እየተነጫነጨ።

«እኔ የምደውለው ለኮምባይን ባለቤት ነው። ስንዴዬ ሲናና ማሳው ላይ ቆሞ እየረገፈ ነው» አለ አንዱ።

«ስንዴህ ሚስጥር ካላወጣ ምን አለበት» አሉት ጋሽ ሸምሱ።

የራሴን ስልክ መጨረሻ ላይ ጨመርኩ። ሳፋውን እቃ ቤት አስገብቼ በጆንያ ሸፈንኩትና በሩን ገርበብ አደረግኩ። ከዚያ ደብተሬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

መምህር ታምሩ ጀመሩ። «ባለፈው ክረምት የጋሽ ሸምሱ አማች ሲሞቱ ድንኳኑ መቼ ደረሰ? ከቀብር በኋላ። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ተቀምጦ። ለምን? ጎባ ውስጥ ድንኳኑን የሚያወርድ ሰው ስላልተገኘ። እናዋጣለን፣ አንወስንም። ዳኛ ሲመረጥ እጃችን አይቆጠርም። ይህ በታሪክ ስም አለው፤ ቅኝ ግዛት ይባላል። ባሕር ተሻግረው የሰፈሩ ሰዎች የማያውቃቸው ንጉሥ ግብር ሲጥልባቸው ‘ከእንግዲህ በቃን’ አሉ። እኛ የምንሻገረው ባሕር እንኳ የለም፤ ሃያ ደቂቃ አስፋልት ነው።»

«ታዲያ ዘውዱን የደፋው ማን ነው?» አሉ ጋሽ ከበደ ከፊት ወንበር። ሸማኔ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። «ወልዴን ነው ንጉሥ የምትለው? ያቺን አሮጌ ባርኔጣውን?»

ሰው ሳቀ። መምህሩም ሳቁ፤ ግን አላቆሙም። «ባርኔጣም ቢሆን ከራሱ አይወርድም፣ ጋሽ ከበደ።»

«ስማኝ እንጂ። እኔ ጎባ የገባሁት አንድ ጋቢ ደርቤ ነው። በገባሁ በሦስተኛው ወር ወንድሜ ሞተ። ስሙን እንኳ የማያውቁት ሰዎች ናቸው ተሸክመው የቀበሩት። ወልዴ ራሱ አፈር መልሷል። አሁን ሮቤ ላይ ሱቅ ስለከፈትኩ ደብዳቤ ጽፌ ‘ደህና ሁን’ ልበለው? እናንተ በሉ። የእኔ እጅ አይነሳም።»

«ማንም ደህና ሁን አላለም። ራሳችንን እንቻል ነው።»

«በሩን ዘግታችሁ?»

መምህሩ ወረቀታቸውን ዘረጉ። ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያውን ድምፅ የሰማነው። እቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ስልክ በፕላስቲኩ ሳፋ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዝዝዝ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሌላ። ሦስት ሰዓት ከአምስት ነበር።

መጀመሪያ ሰው ችላ አለው። መምህሩ የመለያ ደብዳቤውን ረቂቅ ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርሱ ስልኮቹ በአንድ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሳፋው ራሱ በሲሚንቶው ወለል ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ደብዳቤው ቆመ። ሁላችንም ወደ እቃ ቤቱ በር ዞርን።

«ቅዳሜ ጠዋት ይህ ሁሉ ሰው ምን ፈልጎ ይደውላል?» አለ አንዱ።

«ጎባ ናቸው» አሉ መምህር ታምሩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሰምተዋል። አንድ በአንድ ደውለው ሊያስፈራሩ፣ ሊበትኑን ነው። ማንም እንዳይነካው!»

እኔ እናቴን አሰብኩ። ከመካከላቸው አንዱ የእኔ ስልክ ይሆን? ብድግ ብዬ ልይ? ጸሐፊው ተነስቶ ስልኩን አየ ይባላል። እግሬ ተንቀሳቀሰ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ያንን ቅጽበት አሁንም አልረሳውም። እናቴ ታማለች፣ ስልክ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተቀምጫለሁ።

በዚህ መሃል አዴ ጫልቱ ተነሱ። አዴ ጫልቱ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናቸው፤ የለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠራው በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ገበያ ላይ ገብስና ቅቤ ይሸጣሉ። የባሌ ሰው ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ነው የሚናገሩት።

«ማሎ፣ ልጆቼ፣ እኔ ስልኬን ልይ። ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ጎባ ናት፤ ወሯ ገብቷል። ዛሬ ነገ ነው መውለጃዋ።»

«ሁሉም ሰው ጎባ ዘመድ አለው፣ አዴ ጫልቱ። ይቀመጡ» አሉ መምህሩ።

«እኔ ግን የምትወልድ ልጅ አለችኝ።»

ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። «ከእሳቸው በፊት ጸሐፊው ይጠየቅ! በየሁለት ቀኑ ጎባ የሚሄደው ማን ነው?»

«እውነት ነው፣ ይጠየቅ!»

ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ዞሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ፊት አልነበረም። «ደሴ፣ ተነስ። ትናንት ጎባ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ስንት ሰዓት ተመለስክ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ።»

«ይኸው! ደቂቃውን ሳይቀር ያውቃል። የተዘጋጀ ሰው ነው» አለ ያ ድምፅ።

«ስለ ዛሬው ስብሰባ ለማን ተናገርክ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ለማንም። ለእናቴም አልነገርኩም።»

«ደንቡን ታውቃለህ፤ አንተው ነህ በንጹሕ የገለበጥከው። ከመለየቱ በፊት የዚህን ልጅ ነገር እንጨርስ የሚል አለ?»

እጆች ተነሱ። ብዙ ነበሩ። እቃ ቤቱ ውስጥ ስልኮቹ አላቆሙም። እናቴን ብቻዬን ተሸክሜ ስሄድ ታየኝ። ያን ጊዜ ያደረግኩትን ምነው ባላደረግኩት ብዬ የማልመኝበት ቀን የለም። ደብተሬን ገለበጥኩና ከጀርባው አነበብኩ።

«ባለፈው ስብሰባ አዴ ጫልቱ ሁለት ጊዜ ስልክ ይዘው ወጥተዋል። አንዴ ስምንት ደቂቃ፣ አንዴ አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ በፊት ባለው ስብሰባም አንድ ጊዜ። ልጃቸውን ያገባው የአባባ ወልዴ የወንድም ልጅ ነው። አሁንም ስልክ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የጻፍኩትን ሳነብ ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ከእኔ ላይ ዓይኑ ሲነሳ በአካሌ ታወቀኝ፤ ትከሻዬ ቀለለ። አዴ ጫልቱ ግን ሌላውን አላዩም። እኔን ነው ያዩት።

«አንተ ቆጥረኸኛል?» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ታስመልሳለች፣ እህል አይገባላትም። ምን ትብላ እያልኩ ነው ስወጣ የነበረው። አንተ ከዚህ ተቀምጠህ ደቂቃ ትቆጥራለህ?»

«ስልክዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ቢሄዱ ይሻላል፣ አዴ» አሉ መምህር ታምሩ።

«ስልኬን አልፈልግም። እዚሁ ይቀመጥ፤ ስትጨርሱ ፈትሹት።» ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ሦስት ሰዓት ከአርባ። ደብተሩ ላይ «ወ/ሮ ጫልቱ ስብሰባውን አቋርጠው ወጡ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ክርክሩ ጠነከረ። ጋሽ ከበደ «በዚህ ዓይነት ነው እንግዲህ ነጻ የምትወጡት!» ብለው ጮኹ። ሌላው መለሰላቸው። አራት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሸምሱ ድምፅ እንስጥ አሉ። «ከጎባ ተለይተን ራሳችንን እንቻል የምትሉ እጅ አውጡ።» እጆች መውጣት ጀመሩ። እየቆጠርኩ ሳለሁ አንድ አይሱዙ ከውጭ ጥሩምባውን እየነፋ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ወዲያው የሴቶች ዋይታ ተሰማ።

እጆቹ እንደተነሱ ቀሩ።

በሩ ተከፈተና አባባ ወልዴ ገቡ። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ስድስት የጎባ ሽማግሌዎች። በክፍት በሩ የመኪናውን ጭነት አየሁት፦ ድንኳኑ፣ ቋሚ እንጨቱ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ጥቀርሻ የለበሱት ትልልቅ ድስቶች። በላያቸው ደረታቸውን እየመቱ የሚያለቅሱ ሴቶች።

አባባ ወልዴ ከፊት እስከ ኋላ አዩን። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሰው እየቆጠሩ እንደሆነ ገባኝ።

«የትኛው ነው?» አሉ። «ሬሳው የት ነው? ስንት ናቸው?»

ከፊት ያሉት እጃቸውን አወረዱ።

«ሸምሱ! ምን ታፈጥብኛለህ? መኪና ነው የተገለበጠው? ንገረኝ እንጂ!»

«ማንም... ማንም አልሞተም፣ አባባ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልሞተም። ስብሰባ ላይ ነን።»

«በጥሩምባ?»

«በጥሩምባ።»

«ታዲያ ስልካችሁ ምን ሆነ? ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አርባ ሰው ጋ ደወልን። አንድ ሰው አያነሳም። ቤት የቀሩ ልጆች ‘ጥሩምባ ተነፍቶ እድር ቤት ሄደዋል’ ይሉናል። የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩምባ ሮቤ ላይ ተነፋ ይለናል። ሁሉ ስልክ ዝም ሲል እኛ ምን እንበል? አልቀዋል ነው ያልነው።» ጋሽ ከበደ ተነስተው ወንበር አቀረቡላቸው።

በዚያ መሃል ከውጭ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ያ የአተነፋፈስ ድምፅ። ሰው ገፍቼ ወጣሁ።

እናቴ ከአይሱዙው ጋቢና እየወረደች ነበር። ብርድ ልብስ ደርባለች፣ በእግሯ ያለው የቤት ነጠላ ጫማ ነው። በብብቷ ገብተው ደግፈው የሚያወርዷት አዴ ጫልቱ ናቸው። ወደ ቤታቸው አልሄዱም ነበር፤ ግቢው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቴን «ቀስ፣ ቀስ በይ፣ አለ፣ ልጅሽ አለ፣ ዋቃን አመስግኚ» ይሏታል።

እናቴ ስታየኝ አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳበሰች፣ ግንባሬን፣ ጆሮዬን። ከዚያ ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ። ጉልበት አልነበራትም።

«ስልክህን ለምን አታነሳም?» አለች። አየር ስታገኝ ደግማ፣ «ለምን አታነሳም? ልቀብርህ እኮ ነው የመጣሁት።»

ይህን ሁሉም ሰው ሰማ። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። በእሷ በኩል ወሬ ይሄዳል የተባለች እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን እንኳ እንደማታውቅ ለማስረዳት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። መምህር ታምሩ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበርና ወደ ውስጥ ስንመለስ ጠየቁ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባባ፣ ልንለይ ማሰባችንን ማን ነገራችሁ?»

አባባ ወልዴ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ማን ይነግረናል? ክረምቱን ሙሉ ጎባ ለቅሶ ስትመጡ ለብቻችሁ አንድ አግዳሚ ይዛችሁ ስታንሾካሽኩ አልነበረም? እኛ ስንጠጋ ወሬ ስትቀይሩ? ሽማግሌ ነን እንጂ ዕውር ነን?» ባርኔጣቸውን ደፉ። «ሞት ከሌለ ሥራ የለንም። ጫኑ፣ ልጆች።»

«አባባ፣ ትንሽ ይቀመጡ፣ ውኃ እንኳ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«በሐሰት ጥሩምባ የጠራኝ ቤት ውኃ አልጠጣም።» ወጡ። አልታረቁንም። ለብዙ ጊዜም አኮረፉ።

ስልኮቹን ከሳፋው ስናወጣ በየስልኩ ላይ ያልተነሳ ጥሪ ተደርድሯል። በእኔ ላይ እናቴ አሥራ ሰባት ጊዜ ደውላለች። በአዴ ጫልቱ ስልክ ላይ ልጃቸው ዘጠኝ ጊዜ። እሷም እናቷ የሞቱ መስሏት ነበር።

እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ጋሽ ሸምሱ እስክሪብቶዬን ከወለል አንስተው ሰጡኝና «በል ጻፍ፣ ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላልፏል» አሉኝ። እንዳልተሰረዝኩ በዚህ ነው የገባኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ እንደ እኔ ነገርን በመመዝገብ የምታምኑ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በደብተሬ ጀርባ የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ስምንት ደቂቃው ስምንት ደቂቃ ነው። ልጅቷን ያገባውም የአባባ ወልዴ የወንድም ልጅ ነው። አንዲት ስህተት አልነበረችበትም። በዚያ ስህተት በሌለበት ወረቀት ነው አንዲት ሴት ያባረርኩት። ውሸት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መጠየቁ ይቀለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በፊት ጠባዬን እወደው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሰው አንድ ነገር ልጽፍ ስል፣ መጀመሪያ ሰውየውን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከጠረጠርኩት ያነሰ፣ ተራ ነገር ነው፤ ልጅ ታሟል፣ ስንዴ እየረገፈ ነው። ምናልባት እናንተ ይህን ለማወቅ አይሱዙ ሙሉ ለቀስተኛ አያስፈልጋችሁ ይሆናል። እኔ አስፈልጎኛል።

ነገሩ ግን አላለቀም። ከሁለት ወር በኋላ መለየታችን አልቀረም። ጎባ ሄደን፣ በራቸው ላይ ቆመን፣ በግልጽ ተናገርን። አባባ ወልዴ ድንኳኑን አልሰጡንም፤ የራሳችንን አሰፋን። ማኅተም አስቀረጽን። ጋሽ ከበደ ጎባ እንደተመዘገቡ ቀሩ፤ እናቴም እንዲሁ። «አንተ የፈለግክበት ግባ፣ እኔ የሚቀብሩኝን አውቃለሁ» ብላኛለች። ደረቷ አሁን ተሽሏታል።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ አዴ ጫልቱን ፍለጋ ወደ ገበያ ሄድኩ። ገብስ እየሰፈሩ ነበር። ልጃቸው ማክሰኞ ወንድ ወልዳለች። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብቻ አልኩ።

መስፈሪያውን አስቀመጡ። «ስወጣ ሰዓቱን ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ። ሦስት ሰዓት ከአርባ።»

«ምን ብለህ?»

«ስብሰባውን አቋርጠው ወጡ።»

«አቋርጬ ነው የወጣሁት?»

«አይደለም። አባረርንዎት። እኔ ነኝ ያባረርኩዎት።»

«እናትህን ከመኪና ሳወርድስ? እሱን ጽፈኸዋል?»

«ከስብሰባው ውጭ ስለነበር...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

አዴ ጫልቱ መስፈሪያውን አነሱ። ገዢ መጥቶ ነበር። «ጻፈው» አሉኝ ገብሱን እየሰፈሩ። «ሁለቱንም ጻፍ። ከዚያ ያን ነገር ባነበብክበት ቦታ ቆመህ፣ በዚያው ድምፅህ አንብበው። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ይቅርታውን ያኔ ትጠይቀኛለህ።»

እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ተነሳሁ። ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ድምፄን ላገኘው አልቻልኩም። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ጋሽ ሸምሱ ላንብብልህ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተዉት» አሉ አዴ ጫልቱ። «ራሱ ይጨርሰው። እኔ አልቸኩልም።»

ጨረስኩት።